የከድር ደካማ እግር

«አኮ፣ እርስዎ ይፍረዱን!» እያሉ መጡብኝ ልጆቹ፤ አያታቸውን አኮ ነው የሚሉት።

ጓሮ በር ላይ ተቀምጬ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ክረምት ነው፤ ጅማ፣ ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ላይ፣ ሰማዩ ከፈጅር ጀምሮ ሲያወርደው ውሏል፤ ባጃጆቹ የመንገዱን ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። ትምህርት ስለተዘጋ የልጅ ልጆቼ ሰሚርና ሀያት መብራት ካለ ቴሌቪዥን ፊት ተጥደው የኳስ ጌም ሲጫወቱ ይውላሉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ስለ ጌሙ ሲጨቃጨቁ።

«ምን ሆናችሁ፣ ኢጆሌ?»

«አባባን ጌሙ ውስጥ እያስገባናቸው ነው» አለ ሰሚር።

አባባ የሚሉት ባለቤቴን ከድርን ነው። አላህ ይዘንለት፣ ካለፈ ቆይቷል። «ሱብሃነላህ! የሞተ ሰው እንዴት ይገባል?» ብዬ እጄን በነጠላዬ እየጠረግሁ ተከተልኳቸው። እውነትም ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ ነጭ ማሊያ ለብሶ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ፊቱ የከድር አይደለም። አቋቋሙ ግን፣ አንዱን እግሩን ፈታ አድርጎ ነገር ሁሉ የማይቸኩልበት ያ አቋቋም፣ የሱው ነው። ከጎኑ ቁጥር ተደርድሯል፤ ፍጥነት ይህን ያህል፣ ምት ይህን ያህል፣ ቅብብል ይህን ያህል።

ሰሚር ሁሉንም ዘጠና ዘጠና ሞልቶታል። ሀያት በግናለች።

«የአያት ፍቅር ሌላ፣ ሬቲንግ ሌላ! አባባ እኮ የተጫወቱት የቡ ከተማ ነው፣ ዓለም ዋንጫ አይደለም።»

«አንቺ መች አየሻቸው?»

«አንተስ መች አየሃቸው?»

ያየሁት እኔ ነኝ። «ለመሆኑ ይህን ቁጥር ማነው የሚሰጠው?» አልኩ።

«ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ አኮ» አለ ሰሚር። «ቁጭ ብለው አይተው ይሰጣሉ። ጥሩ የተጫወተ ይጨመርለታል፣ የደከመ ይቀነስበታል።»

ቁጭ ብሎ አይቶ የሚሰጥ! እንዲህ ያለ ሰው እኔም አንድ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ሀያት ቀጠለች፤ «አሁን የቀረን ደካማ እግር ነው። ተጫዋች ዋና የሚመታበት እግር አለው፤ ሌላኛው ደካማ እግር ይባላል፣ ከአምስት ኮከብ ነው የሚለካው። ዋናው ቀኝ ነው ብለን ሞልተናል። ስለ ግራው የቡ ደውለን ሽማግሌ ስንጠይቅ ‹እሱማ መቆሚያ ብቻ ነበር፣ አንድ ይበቃዋል› አሉን። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። «እስቲ ያንን ነገር አስቀምጡትና ቁጭ በሉ» አልኳቸው። የነገርኳቸውን ሀያት በስልኳ ጽፋዋለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ካጣመምኩ እሷ ታቃናው።

*

ያደግሁት የቡ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ገበያው ዳር አንድ በረንዳ ተከራይቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዛሬ ከየቡ ጅማ በሚኒባስ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ያኔ ግን የጭነት መኪና ላይ፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንሄደው፤ ደርሰን ስንወርድ ቀሚሳችን ራሱ ቡና ቡና ይሸታል። ህዳር ላይማ ከተማው ሁሉ ይሸት ነበር። የቀይ እሸት ቡና ሽታ ጣፋጭ ነው፣ ከሥሩ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። በየደጁ ሰሌን ላይ ቡና ለፀሐይ ይሰጣል፣ ዶሮ ይባረራል፣ ሰው ይሰዳደባል፣ ይስቃል። ቡና ሲደርስ ማንም ክፉ አይሆንም።

ወንድሜ ሙስጠፋ የየቡ ቡድን አጥቂ ነበር። ግራ እግሩን አገር ያውቀዋል፤ ኳስ እዚያ እግር ላይ ካረፈች በረኛው ቢስሚላህ ይላል። ከድር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የቡና ገበሬ ልጅ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ከገባ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ተከላካይ ነው። ተከላካይ ደግሞ ኳሷን ያርቅልን እንጂ በየትኛው እግሩ እንዳራቃት ማን ልብ ይላል? ደጃችን ሲያልፍ ሰላምታው አጭር ነበር። እኔም «የወንድሜ ጓደኛ» ከማለት ሌላ ስም አላወጣሁለትም ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም የሚጫወተው በባዶ እግሩ ነው። አንድ ቀን ጅማ የሚመላለስ ሾፌር፣ አባቴ ኮቱን ስላደሰለት፣ አሮጌ ታኬታ አምጥቶ ሰጠው። ከሥሩ ጥርስ ያለው የኳስ ጫማ፣ እውነተኛ! ሙስጠፋ አይቶ ጮኸ፣ ጫማውን ይዞ ወደ ከድር ሮጠ። ሁለቱ አንድ ጥንድ ጫማ ተካፈሉ። ሙስጠፋ ግራውን፣ ከድር ቀኙን። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ እግራቸው የጌታ፣ አንድ እግራቸው የድሃ ሆኖ ይወጡ ነበር። ሰው ሲስቅባቸው አባቴ «አትሳቁ፣ አላህ አንዱን ግራ መቺ አንዱን ቀኝ መቺ አድርጎ የፈጠረው ጫማው እንዲዳረስ ነው» ይል ነበር። እኛም አምነን ተቀመጥን።

በዚያው ዓመት የአባቴ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ ክር ወደ መርፌ የማስገባው እኔ ሆንኩ። ቀጥሎ ስፌቱ ከመስመሩ መውጣት ጀመረ። የየቡ ሰው ጨዋ ነው፣ አይናገርም፤ ጨርቁን በብብቱ ሸሽጎ ሰላም ብሎን ወደ ሌላው ሰፊ ያልፋል። አባቴ ሰላምታውን በደስታ እየመለሰ ባዶ የስፌት መኪናውን ዘይት ይቀባል። ያንን ማየት ከረኀብ ይከብዳል። ቤቱን ሊያቆም የሚችለው ሙስጠፋ ብቻ ነበር፤ ሥራ ደግሞ የቡ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ወሬ መጣ። ጅማ ያለ አንድ የቡና መጋዘን የኳስ ቡድን አለው፤ የቡ ከሰቃ ከተማ ጋር ስትጋጠም የመጋዘኑ ሰው መጥቶ አንድ ተጫዋች ይመርጣል፤ የተመረጠውም መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ይቀጠራል። እናቴ ስትሰግድ ዱዓዋ ረዘመ። የጨዋታው ቀን ጠዋት ለሙስጠፋ የበቆሎ ቂጣ በማር አበላችው። አባቴ ትከሻውን ዳብሶ «አደራህን» ብቻ አለው።

ሳይታሰብ ዝናብ ጣለ። የህዳር ዝናብ! አገሩ ሁሉ «ቡናው! ቡናው!» እያለ ሰሌኑን ሲጠቀልል ሜዳው ረጠበ። ሲያባራ የከብት ማሰማሪያ የሆነው ሜዳ ሳሙና ሆኖ ጠበቀን። እኔ ከዳር ሸንኮራ እሸጣለሁ። መራጩ ሰውዬ፣ ጥላ የያዘ ባለ መነጽር፣ ደረቅ ቦታ ሲፈልግ መጥቶ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከሰቃ አብሮት ከመጣ ወዳጁ ጋር ሸንኮራ እየላጠ ያወራል። እኔ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።

ሙስጠፋ ኳስ ባገኘ ቁጥር ወደቀ። ኳስ መቺ የሚወድቀው በሚመታበት እግር ሳይሆን በሚቆምበት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት። በግራው ሊመታ ሲያነሣ የቆመበት ባዶ ቀኝ እግሩ ሙልጭ ይላል። ሕዝቡ «ካኢ! ካኢ!» እያለ ያስነሣዋል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል። ከድር ግን አልወደቀም። ባዶ ግራ እግሩ ጭቃውን እንደ ሥር ይዞታል።

«ይህ ግራ መቺ ምቱ ደህና ነው» አለ ባለ መነጽሩ፣ «ግን መቆም አይችልም። መቆም የማይችል ሰው ምን ያደርግልኛል? ያ ረጅሙ ተከላካይ ይሻላል።»

ሸንኮራዬን ጥዬ ለዕረፍት ወደተቀመጡበት ሮጥኩ። «ሙስጤ፣ ሰውየው መቆም አይችልም አለህ! ከድር ይሻላል አለ!» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሙስጠፋ አንገቱን ደፋ። ጭቃ ፊቱ ላይ ደርቋል።

ከድር ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ አውልቆ ጭቃውን በሣር ጠረገና ወንድሜ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«አድርግ።»

«ተው አቦ! የሚፈልገው አንተን ነው አለች እኮ!»

«እኔ ከቡና ሥር የት እሄዳለሁ? አድርግ እንጂ፣ ዳኛው እየጠራ ነው።»

«አንተስ በምን ትጫወታለህ?»

«እግር አለኝ» አለው፣ ሳቅ ብሎ።

ከዕረፍት በኋላ ሙስጠፋ ሙሉ ሰው ሆነ። ቆመ፣ ዞረ፣ መታ። ከድር ግን ገና ሲጀመር የሰቃ አጥቂ ቀኝ እግሩን ረገጠው፤ ጥፍሩ ተነቀለ። በዚያ እግር ኳስ ሊመልስ ሲል ወደቀ፣ ሰቃዎች በላዩ ላይ አልፈው ጎል አገቡ። «ይህን የሰቃ ሰው ከሜዳችን አስወጡልን!» ብሎ ጮኸ የገዛ አገሩ ሰው። አንድ ጊዜ ቀኙ እምቢ ሲለው ኳሷን በግራው ጠለዛት። ኳሷ ከባሕር ዛፉ በላይ አልፋ ገበያው ውስጥ ወደቀች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ «የጨነቀው ምን የማይመታው አለ!» ተባለ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ሊያበቃ ሲል ሙስጠፋ ከሩቅ በግራው መትቶ አገባ። እኩል ወጡ። ባለ መነጽሩ ጥላውን አጠፈ።

«ግራ መቺውን እወስዳለሁ። ከዕረፍት በፊት ሌላ ሰው ነበር፣ ይገርማል!»

«ረጅሙስ?» አለው ወዳጁ።

«ተወው፣ ለካ ለዓይን ብቻ ነው።»

ጫማ ከእግር ወደ እግር ሲያልፍ አላየም። ዕረፍት ላይ ሸንኮራውን እየላጠ ነበር። ቁጭ ብሎ አይቶ ቁጥሩን ሰጠና ሄደ።

ሰው ሙስጠፋን ተሸክሞ ወደ ከተማ ሲገባ ከድር ሜዳው ዳር ተቀምጦ ጣቱን በጎመን ዘር ቅጠል ያስር ነበር። ሸንኮራ ከሥሩ ያለው አንጓ ነው የሚጣፍጠው፤ ሁልጊዜ ለእናቴ ነበር የማስቀረው። ያን ቀን ወስጄ ለሱ ሰጠሁት። ቀና ብሎ «ገለቶሚ» ሲል አመሰገነኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም ሌላ ቃል አልፈለግሁም።

ሙስጠፋ ጅማ ገባ። በደሞዙ አባቴን አሳከመው፣ መነጽርም ገዛለት፤ የስፌት መኪናው ድምፅ እንደገና በረንዳችን ላይ ተሰማ። ለዚያ ድምፅ ዛሬም ድረስ አልሃምዱሊላህ እላለሁ። ከድርን ግን የቡ ለብዙ ጊዜ «የሰቃው ሰው» ሲለው ኖረ። በኋላ እኔን ፈልጎ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ንግግራቸውን አላስጨረሳቸውም፤ «ጫማውን የሰጠ ልጅ አይደለም እንዴ? እሺ ብያለሁ» አለ።

*

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ታዲያ ሬቲንጉ እንዴት መሆን ነበረበት፣ አኮ?» አለ ሰሚር በመጨረሻ።

እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ ያን ቀን በወንድሜ ላይ የተጨመረው ሁሉ ከከድር ላይ የተቀነሰው ነው፤ አንድ ጫማ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የሄደው። ቁጥር ሰጪው ሁለቱን ለየብቻ ባይመዝናቸው ደግ ነበር። በምን ላይ ቆሞ ነው፣ ምን ተጫምቶ ነው፣ ከማን ጎን ነው ብሎ ቢጠይቅ ደግ ነበር። ደግሞ የአንድ ዝናባማ ቀን ቁጥር ዕድሜ ልክ ባይከተል። ይህን ስላቸው ሀያት «ጌሙ አጠገቡ ያለውን ሰው የሚያሳድግ ቁጥር የለውም እኮ» አለች። «እንግዲያው ይጨመርበት» አልኳት። ሰው የሠራው ነገር አይደለም እንዴ?

«እሺ፣ ደካማ እግራቸውስ? አንድ ኮከብ እንስጥ?»

«መጀመሪያ ያንን ‹ቀኝ› የሚለውን አጥፉት» አልኳቸው።

ተያዩ። እኔም የመጨረሻውን ነገርኳቸው፤ ይህን ሙስጠፋ በሕይወት እያለ ለማንም እንዳልናገር ከድር አስምሎኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ሁለቱም አፈር ናቸው።

ጅማ ገብተን፣ ልጆች ወልደን፣ የከድር ጢም ሽበት ካበቀለ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ኳስ አጥራችንን ዘላ ግቢ ገባች። ከድር ብቻውን ነበር፤ እኔ መስኮት ላይ መሆኔን አላወቀም። ኳሷን አየት አደረጋት። ሸበጡን አወለቀ፤ የቀኙን አይደለም፣ የግራውን። ከዚያ በግራ እግሩ፣ ያለ ጭንቀት፣ ልክ እጅ እንደ መዘርጋት አድርጎ መታት። ኳሷ ከአጥሩ፣ ከጎረቤት ማንጎ፣ ከስልክ ሽቦው በላይ አለፈች። ውጪ ያሉት ልጆች ጩኸታቸውን ለቀቁት።

ወጣሁና «ከድር፣ አንተ ግራ መቺ ነህ እንዴ?» አልኩት።

እንደ ሌባ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ።

«ከልጅነቴ» አለኝ። «ምን ላድርግ፣ ወንድምሽ ያን ጫማ ይዞ ሲመጣ ግራው እግሩ ላይ ነበር። የተረፈው ቀኙ ነው።»