አርባ ቀን ቆጥሬ የለየኋቸው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ዘንድሮ እናገራለሁ እልና ፊታቸው ስቀርብ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ እመለሳለሁ። አሁን ፊትህን ለማላየው ለአንተ እጽፈዋለሁ።

ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሚስ ማርታ የሚባሉ አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ባልም ልጅም የላቸውም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ከምኖርበት ከኦቴሎ ሰፈር በባቡር ሄጄ ቁርሳቸውንና መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም አብረን እንፈልጋለን። ሰዎቻቸው አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ከሰሜን አየርላንድ የመጡ፣ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። የዚያን ዘመን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ፊደል በፊደል ራሴ ለመድኩት። አንዲት ነጥብ አታመልጠኝም እል ነበር።

እነሱ የነበሩባት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ለሁለት ተከፍላ ነበር። አሮጌው የተባለው ወገን ሰባኪ ትምህርት ቤት የገባ መሆን አለበት አለ፤ አዲሱ የተባለው መንፈስ ያነሣሣው ይበቃል አለ። ቄሱ ከሁለተኛው ወገን ጋር ወጥተው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ሌላ የጥምቀት መዝገብ ከፈቱ።

«የእኔ ሰዎች ከሚታረቁ መንገድ ቢሻገሩ ይቀላቸዋል» ይሉ ነበር ሚስ ማርታ እየሳቁ።

አንድ ቀን ሊንውድ ከምትኖር ሊንዳ ከምትባል ሴት ደብዳቤ መጣ። የእሷ የሩቅ አያት ሳሙኤልና የሚስ ማርታ የሩቅ አያት ሮበርት ወንድማማች ሳይሆኑ አይቀሩም ትላለች። እሷም ብቻዋን ናት፤ ዘመድ ከሆንን ቤቴ ይምጡ፣ አብረን እንኑር ትላለች። ሚስ ማርታ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

«እንግዳ ሰው ቤት አልገባም» አሉ። «ዘመዴ ከሆነች ግን ሻንጣዬን ነገውኑ አዘጋጅልኝ። ፈልግ!»

ፈለግኩ። ሮበርት በአሮጌው ወገን መዝገብ መጋቢት ላይ ተጠምቋል፤ ሳሙኤል በአዲሱ ወገን መዝገብ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ። የአባትና የእናታቸው ስም አንድ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ወንድ ልጅ የሚጠመቀው በአርባ ቀኑ ነው ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ማን ነገረኝ? እኔ በአርባ ቀኔ ስለተጠመቅኩ ዓለም ሁሉ እንደዚያ መሰለኝ። ከሮበርት ጋር በአንድ ቀን አሥራ አንድ ልጆች ተጠምቀዋል። አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ቀን ወለዱ? ይህን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

«በልደታቸው መካከል ያለው አምስት ወር ብቻ ነው» አልኳቸው። የልደት ቀን ያየሁ መስሏቸው አመኑኝ።

«አንዲት እናት በአምስት ወር ሁለት አትወልድም። አንተ ልጅ ዳኛ መሆን ነበረብህ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። ለሊንዳ ዘመድ አይደለንም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህ ስሕተት ነው። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የአሮጌው ወገን ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ እጄ ገባ። ቄሱ ከወጡ ወዲህ ሁለት ዓመት ያለ አጥማቂ ቆይተዋል። አዲስ ቄስ የመጣ ዕለት ሲጠባበቁ የነበሩት ልጆች በአንድ ላይ ተጠመቁ፤ «ሮበርት ወደ ውኃው በእግሩ ሄደ» ይላል። ከሥሩ፣ ወላጆቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ማዶ፣ ወደ አዲሱ ወገን መሻገራቸው ተጽፏል። ሳሙኤል እዚያ የተወለደ ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ምን አገኘህ?» አሉ ሚስ ማርታ ከአጠገቤ።

«ምንም» አልኩ።

ለምን? ሊንዳ ከወሰደቻቸው ሥራዬ ያልቃል ብዬ ፈራሁ። የማይሳሳት ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ያንንም እንዳላጣ ፈራሁ። የቱ እንደበለጠ አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አደርኩ፤ በነጋ ቁጥር ፍርሃቱ እየባሰ ሄደ።

ብርዱ ሲገባ ታመሙ። ሆስፒታል ነርሷ የቅርብ ዘመድ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። በዚያ በደከመ ዓይናቸው እኔ ወዳለሁበት ዞሩ።

«የለኝም። እሱ አጣርቷል» አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ሊንዳ የሞት ማስታወቂያውን አይታ መጣች፤ ስሟን ነገረችኝ። ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነበር። «እዚያ መቀመጥ እችላለሁ?» አለችኝ።

«ለዘመድ ነው» አልኳት።

ይቅርታ ብላኝ ወደ ኋላ ሄደች። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች!

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሊንዳ መልእክት ላከችልኝ። የዘር ሐረጓን ራሷ መፈለግ ጀምራለች፤ ማንበብ ያቃታትን አንድ ገጽ ፎቶ አንስታ ልካ እንዳነብላት ትለምነኛለች። ከፈትኩት። ያው ስለ ሮበርት የሚናገረው የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ገጽ ነው። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ አይነበብም ብላት ታምነኛለች። ያስፈራኝ መያዜ ብቻ አልነበረም፤ ውሸቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማወቄ ነው።

ትናንት መስመሮቹን አንድ በአንድ ገልብጬ ላክሁላት። ከሥሩ፣ «ይህን ያነበብኩት ሚስ ማርታ በሕይወት ሳሉ ነው» አልኩ። ይቅር በይኝ ብዬ ጽፌ መልሼ አጠፋሁት፤ ሌላ ሸክም የምጭንባት መሰለኝ።

እስካሁን አልመለሰችም። ብትደውል የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ ማርታ የሞተችው ዘመድ የለኝም ብላ ነው ወይ ትለኛለች። አዎ፣ እንደዚያ ብለው ነው የሞቱት፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር።