የበሰለ ሙዝ ሽታ

ወሬ እንደምወድ ሙዝ በምሸጥበት በሲቀላ ገበያ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ይህችን አንዷን ግን ለነፍስ አባቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አስቴርን የደበደብኳት እኔ ነኝ።

አስቴር የታናሽ እህቴ ልጅ ነበረች። ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ከገረሴ መጥታ እኔ ዘንድ ትማር ጀመር። እኔ ከጫኖ ሙዝ እያመጣሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቅጠል አልብሼ አበስላለሁ። የቱ እንደደረሰ በር ላይ ቆሜ ባፍንጫዬ እለያለሁ። በዚህ አፍንጫ እኮራ ነበር!

በዚያ ሰሞን ልጅቷ ትበላለች፣ ትከሳለች። ውሃውን ትጨርሰዋለች። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ስትጠጋኝ አፏ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ሸተተኝ።

«ሙዜን ትሰርቂያለሽ?»

«በማርያም፣ አክስቴ፣ አልቀመስኩም!»

«አፍሽ እየመሰከረብሽ? ዝንጀሮ እንኳ ልጣጩን ይጥላል፤ አንቺ የት ቀበርሽው?»

መታኋት። በእጄ ጀመርኩ፣ በዱላ ቀጠልኩ። ስትወድቅ ረገጥኳት። አፏን በግድ ከፍቼ አሸተትኩ፤ ባሸተትኩ ቁጥር መታኋት። ከዚያ ሙዙ ክፍል ወርውሬ ቆለፍኩባት። «በይ ጥገቢ!» አልኩ።

«ውሃ፣ አክስቴ፣ ውሃ» ትላለች ከበሩ ኋላ። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥሳለሁ። ቀጥሎ ትንፋሿ ተሰማኝ፤ ዳገት እንደሮጠ ሰው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ፋታ የሌለው። «ማስመሰሉን ተዪ!» አልኳት። ድምፁ ሲደክም ከፈትኩ። ብጠራት አትሰማም።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አሸተታት። የስኳር በሽታ ነው አለ። ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስቧን ሲያቃጥል ደሟ ውስጥ አሲድ በዝቷል፤ ሽታው ከዚያ ነው፤ ያ ትንፋሽም አሲዱን ለማስወጣት የምትታገለው ትግል ነው። ትግሏን ነው ማስመሰል ያልኩት?

ጀርባዋን ገልጦ «ይሄስ?» አለኝ።

«ከማንጎ ዛፍ ወድቃ» አልኩት።

በማግስቱ ሞተች።

እህቴ ዛሬም ከገረሴ ስትወርድ «ልጄን ሐኪም ቤት ያደረስሽልኝ» እያለች እጄን ትስማለች። ይህንኑ እጅ። እኔም እሰጣታለሁ። ከማንም በፊት ይህን ልነግር የሚገባኝ ለእሷ ነበር፤ ፈራሁ። ይቅር በዪኝ ለማለትም አፍ የለኝም።

በሽታውን አላውቅም ነበር። እውነት ነው፤ ስንት ዓመት በዚህች ቃል ተሸሸግኩ። የውሃ ጥም ምን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። የውሃው ጀሪካን አጠገቤ ነበር። ሙሉ ነበር።