መርሃዊ የሰበረው ጌም

ኖላዊ አንድ ለእንጀራ የማትሆን ጥበብ አለችው። ሰው ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን የድሮ ጌም በሁለት መስመር ይግለጽለት እንጂ ስሙን ከነማሽኑ ይነግረዋል። «ቢጫ ኳስ ነጥብ እየለቀመ ከመናፍስት ይሸሻል» ብሎ መጠየቅ እሱን መናቅ ነው፤ ያንን ማን ያጣዋል? አንዱ ከሩቅ ከተማ ከበርገን «ልጅ በብስክሌት እየሄደ በየደጁ ጋዜጣ ይወረውራል፣ ሣጥኑ ግራጫ ነበር» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ፣ ኖላዊ ሻዩ ሳይበርድ መልሱን ይልካል። ቀን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ማታ ላምበርትሴተር ሰፈር ቤቱ ቁጭ ብሎ ለማያውቃቸው ሰዎች ልጅነት ስም ያወጣል። ይኮራበታልም። መኩራቱ ባልከፋ። ክፋቱ ሰብሳቢም መሆኑ ነው፤ ሰብሳቢ ሰው ዓይኑ ዕቃው ላይ ካረፈ ባለቤቱ አይታየውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ በነፃ በሚሰጡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ፎቶ የሌለው አንድ ማስታወቂያ አየ። «የድሮ ጌም። ጥቁር። የራሱ ትንሽ ቴሌቪዥን አለው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ነጭ መስመር ብቻ ያሳያል። ተበላሽቷል። ሊንደሩድ።» ኖላዊ ከወንበሩ ተነሣ። ቬክትሬክስ ነው፤ ሥዕሉን ሁሉ በብርሃን መስመር የሚስለው፣ እሱ ለዓመታት ሲመኘው የኖረ ማሽን። እንደሱው ሰብሳቢ ለሆነው ጓደኛው ለፊሊፕ «አገኘሁት፣ ማታ ና» ብሎ ጻፈለትና እዚያው ከተማ ወዳለው ሊንደሩድ ሰፈር በረረ።

በሩን የከፈቱለት ሰማንያ የተጠጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ አቶ ሃብተጊዮርጊስ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ከኖላዊ ይጣፍጣል። የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ስቶቭነር ሰፈር ለአረጋውያን የሚሆን ጠበብ ያለ ቤት ሰጥቷቸው ዕቃ እየቀነሱ ነው።

«አበሻ መሆንህን ባውቅ ቁርስ ሳትበላ ና እልህ ነበር» አሉት።

ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ አንሶላ ለብሶ። ሲገልጡት ራሱ ቬክትሬክስ ነው፤ ኖላዊ ግን ፊቱ ላይ ምንም አላሳየም። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«የሚረባ ነገር ነው እንዴ? አንተ የዘመኑ ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«ናይ፣ አይረባም ጋሼ» አለ፣ ምላሱ እሱን እንኳ ሳያማክረው። «ጥራጊ ነው። እኔ ወስጄ እጥልልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ለልጄ ያልኩት ይህንኑ ነው። መርሃዊ ይባል ነበር። ካቻምና ኩላሊቱን ታሞ ዐረፈ።»

ኖላዊ «ነፍስ ይማር» አለ። እጁ ግን ማሽኑ ላይ ነበር።

«ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሎፐማርከድ ገዛሁለት። እኔ ማታ ማታ ቢሮ ስለምጠርግ ምን እንደሚጫወት እንኳ አላውቅም። አንዲት ቀስት የመሰለች ነገር መሃል ላይ ትሽከረከራለች፣ ዙሪያዋን እሾሃም ኮከቦች ይንሳፈፋሉ፣ እነሱን ትተኩሳለች። ስሙ ምን ይሆን?»

«ማይን ስቶርም» አለ ኖላዊ። «ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።»

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ስሙን በአፋቸው ደጋገሙት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«በወሩ ሰበረው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል። ‹እኔ አይደለሁም ባባ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚቆመው› ይለኛል። በላቤ የገዛሁትን ሰብሮ ደግሞ ይዋሸኛል ብዬ መታሁት። በቀበቶ። ከዚያ ወዲያ ነክቶት አያውቅም።»

ኖላዊ ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ የወጡት ቬክትሬክሶች ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት ጉድለት አለ፤ አሥራ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጌሙ ራሱ ይደርቃል፣ የሚጫወተው ማንም ይሁን ማን። ግን እዚያ የሚደርስ ስንት ሰው አለ? ልጁ አልሰበረም፣ አልዋሸም። ጥፋቱ ጎበዝ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን መናገር ያለበት ደግሞ ያው «ጥራጊ ነው» ያለው አፍ ነው። ቢናገር የራሱ ጉድ ይወጣል፤ ዝም ቢል ሙት ልጅ ሰባሪና ውሸታም እንደተባለ ይቀራል። ይህን እያወቀ፣ ጉድ በሉ፣ ማሽኑን አንሥቶ ታቀፈው። ሽማግሌው በሩን ያዙለት።

«ተባረክ ልጄ። አንተ ባትመጣ ማን ይሸከምልኝ ነበር?»

ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ኖላዊ አልገባም። ያ ምርቃት ከዱላ በላይ አመመው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ እስኪያድር እንኳ አልጠበቀም።

ተመልሶ አንኳኳ። ዓይናቸውን ማየት አፍሮ ለጫማቸው ነገራቸው፤ መጀመሪያ የራሱን ውሸት፣ ከዚያ የመርሃዊን እውነት።

ስድብ ጠበቀ። ቢሰድቡት ይቀልለው ነበር። ሽማግሌው ግን ኖላዊን ረስተውታል። ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡና ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩት ጀመር።

«እውነቱን ነው የነገረኝ» አሉ። «ወደይ፣ ልጄ፣ እውነቱን ነው የነገረኝ።»

ኖላዊ የራሱ ሀፍረት ሳያንሰው የእሳቸውንም ቆሞ ማየት ግድ ሆነበት። የሚገባበት ጠፋው።

ከዚያ ቀና ብለው «እስቲ ሰካው» አሉ። «አሥራ ሦስተኛውን አሳየኝ።»

ማሽኑ እንደ ንብ እምም አለና ነጩ መስመር በራ። ኖላዊ ተጫወተ። ሦስተኛውን ደረጃ አለፈ፣ አራተኛው ላይ ሞተ። እንደገና ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ሞተ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፣ ፊሊፕ ነው፤ አላነሣውም። የጌም ስም ማወቅና ጌም መቻል ለየቅል መሆኑን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«የምትችለው ይህን ያህል ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ያ፣ አዎ ጋሼ። ይህን ያህል ነው።»

«ታዲያ ልጄ ይበልጥህ ነበር።»

«በጣም ይበልጠኝ ነበር» አለ ኖላዊ አንገቱን ደፍቶ።

አቶ ሃብተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አንሶላውንም አንሥተው ማሽኑን እንደ ተኛ ልጅ ቀስ ብለው አለበሱት።

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ስቶቭነር ይሄዳል» አሉ። «ልትሸከመው መጥተህ የለ? ተሸከምልኝ።»