መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው

በነገሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ጥልፍ የምትጠልፈው ልጄ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ወጣት ጎረቤታችን።

ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ያለው ቤታችን ደህና ብርሃን የሚያስገባ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ልጄ እዚያ ሥር ተቀምጣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ትጠልፍ ነበር። ሠርጉ ደርሷል፤ ቀሚሱ ገና ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ እንግሊዝኛዬን መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። ያኔ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ቆሜ አነብ ነበር። ተቀምጦ የሚያነብ ያንቀላፋል እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት።

ጎረቤታችን ድንገት አጥሯ ላይ ቆርቆሮ ቀጠለችበት፤ ቤቱ ጨለመ። ፊደሉ አልታይ ስላለኝ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋሁ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር የዘመኑን ሰው ራስ ወዳድነት አወግዛለሁ።

ልጄ መርፌዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ፈረንጆች እንዳንተ ብርሃን ለሚጋርድ ሰው ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ‹ብርሃን ስለማታሳልፍ፣ ከመስኮት ይልቅ በር ብትሆን ይሻልሃል› ይላሉ።»

«መዝገበ ቃላቴ ላይ የለም» አልኳት።

«እሱንም ጋርደኸው ይሆናላ» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

አልሳቅሁም። ቆርቆሮውን ላስወርድ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ስለ ጉርብትና ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳላጋምስ እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ፀጉሬን የምታጠበው ጓሮ ነው። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ መስኮቱ ላይ ቆመው ያዩኛል።»

«እኔ? መጽሐፍ እያነበብኩ እኮ ነው።»

«ከታች ከጓሮዬ ሲታይ መጽሐፉ የለም፤ ፊትዎ ብቻ ነው። ከንፈርዎም ይንቀሳቀሳል። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ቆርቆሮ እቀጥል ነበር። ሰው ብርሃን ተጋረደብኝ ብሎ ሳይከስ በፊት፣ ራሱ የት እንደቆመ ይመልከት።

መስኮቱ ላይ እንደማልቆም ቃል ገባሁላትና በማግስቱ አናጢ መጥቶ ቆርቆሮውን አወረደ። እኔ ወንበሬን ወደ ጥጉ ወስጄ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንዳንዴም አንቀላፋለሁ። ቀሚሱ ለሠርጉ ደረሰ። አናጢው የጠየቀው ስምንት መቶ ብር ነበር፤ ከጎረቤታችን ጋር እኩል ተካፍለን ከፈልን።