የማን አራት ሰዓት

ምዋናኮምቦን የማውቃት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው፤ ሞምባሳ ውስጥ፣ ኪቦኮኒ ሰፈር፣ ሙአሊም ሼሄ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቁርአን ትቀራ ነበር። አባቷ ዓሣ ሻጭ ነው። ከሙአሊሙ ተማሪዎች ሁሉ ተግሣጽ የበዛባት እሷ ነበረች፤ ጥያቄ ታበዛለች። አድጋ የኩላሊት እጥበት በሚሰጥ ክሊኒክ የኮምፒውተሩን መስመር የምትጠብቅ ሆነች። ለብቻዋ።

የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ያሉት እዚህ አይደለም። ደመና በሚሉት፣ ሩቅ ቦታ በኪራይ የተያዙ ናቸው። ከዚያ ወደ ውጭ የሚላክ ሁሉ በአንድ በር ይወጣል፤ በሩም ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጥፍባቸዋል። ናይሮቢ ያለው የመድን ድርጅት የሚቀበለው የሚያውቀውን ቁጥር የያዘ መልእክት ብቻ ነው። የእሱ ፈቃድ ካልመጣ ደግሞ የደም ማጣሪያው ከመጋዘን አይወጣም።

አሮጌው በር መልእክት በዝቶበት መንገዱ ስለተጨናነቀ ምዋናኮምቦ አዲስ በር በአዲስ ቁጥር አዘጋጀች። ከድርጅቱ ሠራተኛ ከኪፕኮሪር ጋር ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም ወገኖች ቁጥሩን እንዲቀይሩ ተስማሙ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ቀየረች፤ አሮጌውንም ቁጥር ለቀቀችው። አንዴ የተለቀቀ ቁጥር አይመለስም።

ያን ዕለት ሙአሊም ሼሄን ለእጥበት ወደ ክሊኒኩ ይዤው የሄድኩት እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ቅዳሜ ታሞ ተራው አልፎታል። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ስላለ ጫማውን እኔ ተሸክሜለታለሁ። ሲተነፍስ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ፈቃድ የለም። የምዋናኮምቦ ጠረጴዛ ተራችንን ከምንጠብቀው ፊት ለፊት ነበር። መንገዱን መረመረች፤ መልእክቱ ከበሩ ይወጣል። በሩ ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ ባዶ ነው። በዚያው በር ወደ ሌላ ቦታ ላከች፤ ወዲያው መልስ መጣ። ወደ ድርጅቱ ሲሆን ግን ይወጣል፣ መልስ የለም። ነርሷ ሲስተር ካዲ በአጠገቧ ስታልፍ፣ «ያ ደመናሽ ዛሬ ምንም አያዘንብም እንዴ?» አለቻት። ማንም አልሳቀም።

ለኪፕኮሪር ደወለችለት። ድምፁን ሁላችንም ሰማን።

«እህቴ፣ ቁጥርሽ አራት ሰዓት ተብሎ ተሞልቷል፤ ፊቴ ላይ ነው። ችግሩ ከእናንተው በር ነው።»

አመነችው። በሩን አፍርሳ እንደገና ሠራችው። ስድስት ሰዓት አለፈ። እንደገና ደወለች፤ አራት ሰዓት አላት፣ አራት ሰዓት አለችው፣ ተስማምተው ዘጉ። ሲስተር ካዲ ማጣሪያውን ያለፈቃድ እንዲያወጡላት የመጋዘኑን ኃላፊ ለመነች፤ አይሆንም አለ። ሙአሊሙን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ለመውሰድ ደወልኩ፤ እዚያ ያሉት ማሽኖች በሙሉ ተይዘዋል አሉኝ። በመጨረሻ ምዋናኮምቦ ተነሥታ መጥታ ሙአሊሙ እግር ሥር ተንበረከከች። ይቅር ይበሉኝ አለችው፣ ጥፋቱ የት እንዳለ አላውቅም።

የናይሮቢዎቹ ምን ይላሉ ብሎ ጠየቃት።

«አራት ሰዓት ነው ይላሉ፣ ሙአሊም።»

«የማን አራት ሰዓት?»

አልገባትም። እሱም እየቆራረጠ ነገራት፦ «የልጄ ልጅ ከናይሮቢ በአራት እደርሳለሁ ብሎኝ... ከጠዋት ጀምሮ ባቡር ጣቢያ ተገትሬ... የመጣው አስር ሰዓት ላይ ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ነው።» ትንሽ ዐረፈና፣ «ሰዓት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አላት።

እዚያው እንደተንበረከከች ደወለች። «አራት ያልከው ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?» ከሰዓት በኋላ አለ ኪፕኮሪር፣ ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ስድስት ብዬ ነው የሞላሁት፤ እስከዚያ በአሮጌው ቁጥር የምትልኪ መስሎኝ ነበር። አሁኑኑ ክፈተው አለችው። የአለቃው ፊርማ ያስፈልጋል፣ አለቃው ምሳ ወጥቷል አላት።

ፈቃዱ የመጣው ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሙአሊሙ ማሽኑ ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ሊሞላ ነበር። የመግሪብን ሰላት ተኝቶ፣ በዓይኑ ሰገደ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። ሐኪሙ የልቡ ድካም የቆየ ነው፣ ከማክሰኞው ጋር አይያያዝም አለ። ምዋናኮምቦ አሁን በምትጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ትላለች፤ በቃሏም ስትናገር ሁለቴ ትደግመዋለች፣ ሰው እስኪሰለች ድረስ።

ሙአሊሙ በሞተ በአርባኛው ቀን ቤቴ መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች። በአራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አሁን ይኖር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ለማጽናናት ብዬ ዋሽቼ አላውቅም።

አላውቅም፣ ልጄ፣ አልኳት።