ሂተሩ በባሕረ ሐሳብ ሲሰላ

በጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ደብር ጾም የሚገባው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሲሉ ነው። እሳቸው «የፊታችን ሰኞ ነው» ካሉ ቅቤና ወተት ከየቤቱ ይሰወራል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የበዓላትንና የአጽዋማትን መዋያ የሚያወጣውን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ስተውም አያውቁ። ሰውዬው መሳሳትን አልለመዱትም፤ መከራው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለቤታቸውን ወለተ ሚካኤልን የጋይንት ብርድ ጉልበቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏታል። ልጃቸው ራሄል ወረታ ትኖራለች፤ ወረታ ደግሞ ሞቃት አገር ነው። «እማዬ፣ እኔ ዘንድ ነይና ኑሪ» እያለች ከዐምና ጀምሮ በስልክ ትወተውታለች። በመጨረሻ ወለተ ሚካኤል ቁርጡን ተናገረች፤ «ጉልበቴን በዚህ ሳምንት ካልሞቀው እሄዳለሁ። ከሄድኩም አልመለስ።» መሪጌታ እንድትሄድባቸው አልፈለጉም። ግን ምን ያደርጋል፣ ቅኔ ሲቆጥሩ የሚፈታው አፋቸው ሚስት ለመለማመጥ ሲሆን ይተሳሰራል። ገበያ ወጡና የኤሌክትሪክ ሂተር ገዝተው መጡ።

መብራት የሚያገኙት ከጎረቤታቸው ከዳኛቸው ቆጣሪ በተሳበ ቀጭን ገመድ ነው። ዳኛቸው የመብራት ሥራ ያውቃል። ሂተሩን ገልብጦ ጀርባውን አነበበና «የኔታ፣ ቮልቱ ሁለት መቶ ሃያ፣ አምፔሩ ዘጠኝ ነው» አለ። «ቮልቱን ለአምፔሩ ቢያካፍሉት የሽቦውን እንቢታ ያገኛሉ፤ መብራቱን ምን ያህል አላሳልፍ እንደሚል ማለት ነው። ቢያባዙት ደግሞ ኃይሉን ያገኛሉ፤ እሱ ዋት ይባላል። ይህች ገመድ ከሺህ ዋት በላይ አትችልም። ከበለጠ እንዳይሰኩት። ወይስ እኔው ላስላልዎ?»

«ማባዛትና ማካፈል ለእኔ?» አሉ መሪጌታ ኮስተር ብለው። ዳኛቸው አፍሮ ወደ ሥራው ሄደ።

እንግዲህ ልብ አድርጉልኝ። በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ሲካፈል የደረሰው ይጣላል፤ የሚፈለገው የተረፈው ነው። ሲባዛም ውጤቱ በሠላሳ በሠላሳ ይገደፋል፣ ይጣላል ማለት ነው፤ የሚያዘው የመጨረሻዋ ትራፊ ብቻ ናት። መሪጌታም ሁለት መቶ ሃያን ለዘጠኝ አካፈሉ። ሃያ አራት ደረሰ፣ አራት ተረፈ። ሃያ አራቱን ወዲያ ጣሉትና «እንቢታው አራት» አሉ። ቀጥለው አባዙ፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ መጣ። ያንን በሠላሳ ቢገድፉት ምንም አልተረፈም። በሊቃውንቱ አነጋገር አልቦ ሆነ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይኸው ነው።

«ወለተ ሚካኤል፣ ነጋዴው አታሎኛል» አሉ እያዘኑ። «ይህ ዕቃ ኃይል የለውም።»

«ኃይል ከሌለውማ ገመዱን ምን ያደርገዋል? ይሰኩት እንጂ።»

መሪጌታ ሰኩት። ሂተሩ ፍም መሰለ። ወለተ ሚካኤል ጉልበቷን ዘርግታ «እሰይ» አለች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። መሪጌታ ግን ስሌታቸውን ጥለው ዓይናቸውን ሊያምኑ አልቻሉም፤ ሌላውን የደብሩን ሊቅ፣ ቄስ ጥላዬን፣ አስጠሩ። ሁለቱ ሊቃውንት ሂተሩን ከበው ተቀመጡና ለምን እንደማይሞቅ ይከራከሩ ጀመር። ቄስ ጥላዬ ጋቢያቸውን አወለቁ።

«በባሕረ ሐሳብ ሁለቱ ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ሲደመሩ ሠላሳ ይሞላሉ» አሉ ቄሱ። «የርስዎ እንቢታና ኃይል ግን ቢደመር አራት ነው። ሃያ ስድስቱ የት ገባ?»

መሪጌታ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። «እሱን አላውቅም። ብቻ አይሞቅም።»

ቄስ ጥላዬ በርጩማቸውን ከሂተሩ ትንሽ አራቁና «መቼም አይሞቅም» ሲሉ ተስማሙ።

ይህን ሲሉ ግድግዳው ላይ ያለው ገመድ ጨሰ። ጭሱ እሳት ሆነ፣ ገመዱ ቷ ብሎ ተበጠሰ፣ የዳኛቸውም ቆጣሪ አብሮ ነደደ። ከእሱ የሳቡት ቤቶች ሁሉ መብራት አጡ። ዳኛቸው እየሮጠ መጣ።

«የኔታ፣ ለመሆኑ ስንት አገኙ?»

«አልቦ።»

«ሁለት መቶ ሃያ በዘጠኝ ሲባዛ እኮ ሁለት ሺህ ሊሞላ ምን ቀረው? የት ሄደ ያ ሁሉ?»

«ገደፍሁት» አሉ መሪጌታ።

«ኃይሉ እኮ እሱ የገደፉት ነው» አለ ዳኛቸው። ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ ሳቁ ቀደመውና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ወለተ ሚካኤል አልሳቀችም። ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ልብሷን በነጠላ ትቋጥር ጀመር። ቄስ ጥላዬ ነገሩ ገባቸውና የዳኛቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። መሪጌታ መሐል ቤት ቆመው ቀሩ። አፈሩም፣ ፈሩም።

«የወረታው መኪና ሳይሞላ ልድረስ» አለች።

«ወለተ ሚካኤል» አሉና ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው? እባክሽ አትሂጂብኝ።»

እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ነጠላውን ቀስ ብላ ፈታችው።

«ይችን ቃል ዐምና ቢሉኝ ኖሮ» አለች፣ «የሰው ቆጣሪ አይቃጠልም ነበር።»