ባሕሩ በእንዶድ የታጠበበት ሰሞን

ባሕር ወደ ንፋስ መውጫ የመጣው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነው፤ በስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጎን። ረዳቱ ሲያወርደው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው አባባ?» አለኝ። «ባሕር» አልሁት። ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ «እኛ ቁም ሳጥን ብለን ነው የጫን» ብሎ ገመዱን መፍታት ቀጠለ። የወረደው ባዶው የመስታወት ገንዳ ነው፤ ውሃውና ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ከመኪናው ውስጥ ነበር፤ ታናሿ ልጄ ክዳን ባላቸው ባልዲዎች አድርጋ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስገብታ፣ በእግሮቿ መካከል ይዛው ነበር የመጣችው።

ልጄ አዲስ አበባ ለዓመታት ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ስትሠራ ኖራለች። ሰዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ነበራቸው፤ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያለው ኮራል ያለበት። ማጠቡም፣ መመገቡም፣ ሲታመም ማከሙም ቀስ በቀስ እሷ እጅ ላይ ወደቀ። አገራቸው ሲገቡ ሁሉንም ለእሷ ትተው ሄዱ። የተከራየችው ክፍል ግን አልጋዋን እንኳ በግድ የያዘ ነው፤ አከራይዋም አንዲት አምፖል በበራች ቁጥር ቆጣሪ ሊያይ የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ አሰበች፦ ሱቅ ቢጤ እስክታገኝ ኮራሎቹ እኛ ዘንድ ይቆዩ። ሱቁ ሲገኝ ከአረንጓዴው ኮራል ቅርንጫፍ እየቆረጠች፣ እያራባች፣ ለሆቴልና ለባለጸጋ ቤት ትሸጣለች። ኮራል በዚህ በኩል እንደ ቁልቋል ነው፤ ከእናቲቱ ቆርጠው ሲያቆሙት ራሱን ይችላል።

«እናቲቱ ከሞተች ግን ሱቁም ከንቱ ነው አባዬ» አለችኝ። «እስከ ፋሲካ ብቻ ያቆዩልኝ።»

ለምን እኔን? ጥፋቱ የአፌ ነው። ልጆቼ ያደጉት የምጽዋን ወሬ እየሰሙ ነው። በወጣትነቴ ምጽዋ ወደብ ላይ ሠርቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው። የሠራሁት ግን የመርከብ ቀለም ቅብ ነው፤ ያውም ከውሃ ወጥቶ የተደገፈ መርከብ። ዋና አልችልም። በጀልባ አንድ ጊዜ ተሳፍሬ ከወደቡ ሳንወጣ አስመለሰኝ። ኮራል የማውቀውም ግድግዳ ሆኖ ነው፤ የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸውና ምሳዬን በልቼ እደገፋቸው ነበር። ይህን ሁሉ ለልጆቼ ስተርክ ታዲያ መርከቡን ወደ ውሃው አስገባዋለሁ፣ እኔን ከላዩ አደርጋለሁ፣ ማዕበል እጨምራለሁ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች «ካፒቴን» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ልጄ መጥታ «እርስዎ ባሕር ያውቃሉ» ስትለኝ ካፒቴኑ ምን ይበል?

ገንዳውን በእንግዳ መቀበያው ክፍል አቆምነው። አሸዋው ተነጠፈ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ሰማያዊው መብራት ተሰቀለ። በባልዲ የመጣው ስለማይሞላው የጨመርንበት ውሃ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያችን በትልቅ በርሜል ያጠራቀምሁት ዝናብ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም ብላ ቀደም ሲል በስልክ አዝዛኝ ነበር። ጨዉም ከውጭ የሚመጣ፣ በባሕር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የተመጠነበት ነው። ሚስቴ ይህን ስትሰማ «ጨው አጥተን ነው? ገበያው ሞልቶ» አለች፤ ደግሞም «ያው ይሟሟ የለም እንዴ» ብላ ወጣች። አረንጓዴው ኮራል እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ ነበር፤ ሌላው ለስላሳ ሆኖ እንደ ጣት ይወዛወዛል። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችና መስታወቱን እየላሱ የሚያጸዱ ቀንድ አውጣዎችም ነበሩ።

ልጄ ከመሄዷ በፊት ሕጉን ደጋግማ ነገረችኝ። በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ ቀንሰው አዲስ ይተኩ፤ ጨዉን በሰማያዊው ባልዲ ይበጥብጡ፤ ይለኩ፤ ያሙቁ። ከሁሉ በላይ ሳሙና እንዳይነካው። ባልዲውን፣ ቱቦውን፣ እጄንም ጭምር።

ከሙቀቱ የባሰ ጣጣ አልነበረም። የከተማችን ስም ራሱ ስለ አየሯ ይናገራል፤ ኮራል ደግሞ የምጽዋን ሙቀት ነው የሚፈልግ። መብራት ሲኖር ማሞቂያው ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ሚስቴ ውሃ ታፈላለች፣ እኔ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድኜ ገንዳው ላይ አንሳፍፋለሁ፣ ከዚያ መስታወቱን በጋቢዬ እጠቀልላለሁ። ባሕሩ ጋቢ ለብሶ እኔ በኮት እንቀጠቀጣለሁ። አየር እንዳያጥረው ደግሞ በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ እዚያው አፈስሳለሁ። በመስኮት ያየኝ ሰው ሁሉ ውሃ ከገንዳ ቀድቶ እዚያው ገንዳ የሚመልስ ሽማግሌ ነው ያየ። ማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ካስረዳሁ በኋላ ይበልጥ ያዝኑልኝ ጀመር።

«ለመሆኑ ተክል ነው እንስሳ?» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን።

«እንስሳ ነው።»

«ዓይን የለው፣ እግር የለው።»

«አፍ አለው።»

«አፍ ብቻ ያለው እንስሳ» አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንድ አንሶኝ ነው?»

እንዲህ እያልን ቅበላ ደረሰ። ያን ሰሞን ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ አረደ፤ የእኛን ድርሻ ሚስቴ አመጣች። ያመጣችበትን ዕቃ ያየሁት ሥጋው ካለቀ በኋላ ነው፦ ሰማያዊው ባልዲ፣ ጮማ ከታች እስከ አፉ ተለጥፎበት።

«ሌላ ዕቃ አልነበረም?»

«ነበረ። ያንተ ይሰፋል።»

ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። ጾም የገባ ዕለት የእኛ አገር ሴት ቤቷ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥታ፣ ቅቤና ሥጋ የነካውም ያልነካውም ሳይለይ፣ በአመድና በእንዶድ ትፈትጋለች። ግቢው ሁሉ በተደፋ ድስት ይሞላል። ባልዲዬን ይዤ መካከላቸው ቆምሁ። ጮማው በባዶ ውሃ የሚለቅ አይደለም። ሳሙና ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ከዚያ ዓይኔ የተወቀጠው እንዶድ ላይ አረፈ። እንዶድ ሳሙና ነው? አይደለም። ፋብሪካ አላየውም፤ ከአጥር የተለቀመ ፍሬ ነው፤ የሕፃንነት ልብሴም የታጠበው በእሱ ነው። በዚህ ሊቅነቴ ራሴን እያደነቅሁ ባልዲውን ፈተግሁ። ከፈተግሁ አይቀር ቱቦውንም ጨመርሁ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ደግሞ እንዶዱ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርሁት፤ ባሕሩም እንደ ቤቱ ሁሉ በንጹሕ ዕቃ ይጹም ብዬ።

በማግስቱ ሁሉንም ለቅለቅ አድርጌ ውሃ ቀየርሁ። ፓምፑ ሲነሳ ገንዳው ላይ ነጭ አረፋ ተነሣ፤ ከመስታወቱ አፍ እየዘለለ ወደ ውጭ ወረደ። ምጽዋ ላይ ማዕበል ድንጋይ ሲመታ የሚተወውን አረፋ መሰለኝና ደስ አለኝ። እንዲያውም ሚስቴን ጠራኋት፦ «ነይ፣ ነይ፣ ማዕበል እይ!»

መጥታ አየች። «ይኼማ የልብስ ዕጣቢ ነው» አለች።

እሷ ይህን ስትል የመጀመሪያው ቀንድ አውጣ ከመስታወቱ ለቅቆ ወደቀ። ከዚያ ሌላው። አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። ጣታማው ኮራል ተጨማደደ፤ አረንጓዴው ላይ በየቀዳዳው ወጣ ብለው የሚታዩት ጥቃቅን አፎች አንድ ሳይቀር ገቡ። ስልክ አነሣሁ፤ ኔትወርኩ ያን ዕለት እንደ ምንም ያዘ።

«አባዬ፣ ምን አደረጉ?» አለች ልጄ፣ ገና ሳልናገር።

«ምንም። ውሃ ቀየርሁ።»

«ሳሙና ነክቶታል?»

«እኔ እያለሁ! ሳሙና በዚህ ቤት አጠገቡ አልደረሰ።»

«ታዲያ ባልዲው በምን ታጠበ?»

«በእንዶድ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ። አልተቋረጠም። ልጄ ስትናደድም አንቱታዋን አትተውም፤ «አባዬ፣ ወንዝ ላይ ቀንድ አውጣ የሚጨርሱት በምን እንደሆነ አያውቁም?» አለችኝ።

አውቃለሁ። ማንም ያውቃል። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሞቶ፣ ዓሣም ሰክሮ ይገኛል፤ ይህን ከጥርሴ መብቀል ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ወንዝ ወንዝ ነው፤ ይኼ ባሕር ነው። ለካ ጭንቅላቴ ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ አስቀምጧቸው ኖሯል።

ትእዛዟ አጭር ነበር። ኮራሎቹን ቶሎ አውጥቼ በአዲስ የጨው ውሃ፣ አፉ ሰፊ በሆነ፣ እንዶድም ሳሙናም በማያውቀው ዕቃ ላኑራቸው። ትታልኝ የሄደችውን ጥቁር የማጣሪያ ከሰል መርዙን እንዲመጥ ፓምፑ ላይ ላስር። በርሜሉ ውስጥ በጥብጬ ልክተታቸው ብል የቀረችኝ ጨው ለበርሜል የምትበቃ አይደለችም። ስለዚህ ዕቃ ፍለጋ ሆነ፤ የጾሙን ነገር የተረዳሁትም ያኔ ነው። በቤታችን እንዶድ ያልነካው ዕቃ የለም። ጎረቤት ሄድሁ፤ በኩራት የተፈተገ ሳፋ አሳዩኝ። ቀጥሎ ያለው ቤትም እንዲያው። የአዲስ አበባው መንገድ ተዘግቶ ስለሰነበተ ሱቆቹም አዲስ ባልዲ የላቸውም። ከተማው ሁሉ አንድ ቀን ውስጥ እንዲህ ንጹሕ መሆኑ በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስመሰግን ነበር።

በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ፤ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ሳፋሽ በእንዶድ ታጥቦ ያውቃል?» አልኋት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ምነው ጋሼ፣ ንጽሕናዬን ሊመረምሩ ነው የመጡ?»

«ያልታጠበ ነው የምፈልግ።»

«ለዚያማ ከራስዎ ቤት ምን አወጣዎት!» አለችና ስትስቅ ቆይታ፣ ፊቴን አይታ ተወችው። «የኛም ጾም እየገባ ነው፤ ግን ሆድ እንጂ ድስት አያስፈትግም። ይኸው፣ ዱቄት ብቻ ነው የማስቀምጥበት። ውሃም ሳሙናም አያውቀው።»

ሳፋውን በራሴ ተሸክሜ ተሻገርሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ካፒቴን፣ መርከቡ ተገኘ?» አሉኝ፤ አልመለስሁላቸውም፣ ይህም ለእኔ ብርቅ ነው። ዱቄቱን በዝናብ ውሃ አጠብን፣ ጨዉን በጠበጥን፣ አሞቅን። ኮራሎቹን ያወጣቻቸው ሚስቴ ናት። «አንተ አትንካ» አለችኝ፤ አልነካሁም። በሕይወት የቀረውን አንዱን ዓሣም በጣሳ አወጣችው። የገንዳው ውሃ በከሰሉ እያለፈ ሲጣራ ባሕራችን ጥቂት ቀን በዳቦ ጋጋሪ ሳፋ ኖረ።

ጣታማው ቶሎ ተከፈተ። ማንም የማይገዛው እሱ ነው። አረንጓዴው ግን ከአንድ ጎኑ መንጣት ጀመረ፤ ነጣ ማለት ሞተ ማለት ነው፤ ነጩ እየሰፋ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተሻገረ። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን አምጥታ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ ለልጃችን በስልክ የምትነግራትም እሷ ናት፦ «ዛሬም ገፍቷል»፣ «ዛሬ የቆመ መስሏል»። እኔ እንድናገር አይሰጠኝም፤ እጨምራለሁ ተብዬ ነው። አንድ ቀን ነጩ ግማሹ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ መጣች፤ ፋሲካ ገና አልደረሰም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ፊት ቆመች። ዝምታ ስለማልችል እኔ ጀመርሁ።

«ሱቁስ?»

«ግማሽ ሱቅ ነው ያገኘሁ አባዬ። ከአንዲት ልጅ ጋር ተካፍለን።»

«እንግዲያማ ልክ መጣ፤ ግማሽ ኮራል አለሽ።»

አልሳቀችም። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ በዝናብ ውሃ አለቅልቃ፣ አረንጓዴውን አወጣች። ነጩን በመቁረጫ ቆርጣ ወደ ጎን አደረገችው፤ ሲነካ እንደ ምጽዋ ግድግዳ ደረቅ ነበር። ሕያውን ጎን ቀጭን ቀጭን አድርጋ ከፋፈለችና እያንዳንዱን በማጣበቂያ ትንሽ ድንጋይ ላይ ተከለችው። ብዙ አልነበረም። ሳህን ላይ ደርድራ ካየችው በኋላ ግን «ለመነሻ ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ላላ ሲል ሰማሁት። ማታ እራት ላይ የግማሹ ነገር ትዝ ብሏት ሳቀች፤ ዘግይቶም ቢሆን ተቀበልሁት።

ልጄ ለመሄድ ስትነሣ ሚስቴ «አንዲቷን ተዪልን» አለች። እኔ አልጠየቅሁም፤ ደፍሬም አልጠይቅ።

ልጄ አየችኝ። «ለእማዬ እተዋለሁ። አባዬ ግን እጃቸውን አያስገቡ።»

ስለዚህ ባሕሩ አሁን የሚስቴ ነው። ውሃ የምትቀይረው እሷ፣ የምትለካው እሷ። እኔ ውሃ አፈላለሁ፣ ጠርሙስ እከድናለሁ፣ ስጠየቅም ስለ ምጽዋ አወራለሁ። ከፋሲካ በኋላ ልጄ ደወለች፤ ለእናቷ ነው የደወለች። ስልኩ ጮክ የሚል ስለሆነ ከመስታወቱ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ፦ ቁራጮቹ ተከፍተዋል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ሞተዋል፤ አንድ ሰው መጥቶ ሲያድጉ ልውሰድ ብሎ ከቀሩት ሁለቱን በቀብድ አስይዟል።

ሚስቴ ስልኩን ዘጋች። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«በል እንግዲህ ከመስታወቱ ራቅ በል፤ ትንፋሽህ ይጋርደኛል።»